ገለጻ የቁመና ውድድር አይደለም

ሰሞኑን በቴሌግራም ቡድኖች ሲዘዋወር የሰነበተ፣ ስለ ሙያዊ ገለጻ አሰጣጥ የሚመክር ጽሑፍ አለ። ለስብሰባ፣ ለዐውደ ጥናት ወይም ለመመረቂያ ጽሑፍ ግምገማ የሚዘጋጁ ወጣቶች እየተቀባበሉት ነው፤ አለቆችም ለሠራተኞቻቸው ሲልኩት አይቻለሁ። ጸሐፊው በቀና ልብ እንደጻፉት አልጠራጠርም፤ አማርኛቸውም ያማረ ነው። ዳሩ ግን ከሰጧቸው ምክሮች አብዛኞቹ ወይ መሠረት የላቸውም፣ ወይ ግማሽ እውነት ይዘው ወደ ተሳሳተ መደምደሚያ ይሄዳሉ። እነዚህን ምክሮች ይዞ መድረክ ላይ የሚወጣ ሰው ራሱን ብቻ ሳይሆን ሥራውን ጥሎ ሊሰማው የመጣውንም ታዳሚ ስለሚጎዳ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ጽሑፉን ላላነበበ ሰው ፍሬ ነገሩ ይህ ነው። አድማጭ ከሚቀበለው መልእክት 93 በመቶው የሚመጣው ከሰውነት እንቅስቃሴና ከድምፅ ቃና ነው፤ የቃላት ድርሻ 7 በመቶ ብቻ ስለሆነ ከይዘቱ ይልቅ አቋቋማችንና አነጋገራችን ላይ እንሥራ ይላሉ። አስቀድሞ መጻፍና መለማመድ ተናጋሪን ያደርቀዋል፤ ጎበዝ ተናጋሪ ከልቡ ይናገራል፣ ወረቀት አያይም። የዘመኑ ሰው ትኩረት ከ8 ሰከንድ ስለማያልፍ ቁጥርና ዝርዝር ትቶ ታሪክ መንገር ያዋጣል። በአንድ ስላይድ ከ6 መስመር፣ በአንድ መስመርም ከ6 ቃል መብለጥ የለበትም። በባለሙያነት ለመከበር በእንግሊዝኛ ማቅረብ ይመረጣል። በመጨረሻም ለጥያቄ የሚተወው ጊዜ አጭር ይሁን፤ የማናውቀው ጥያቄ ቢመጣም በልበ ሙሉነት እንመልስ። በመሃል ስለ አለባበስና ስለ ቀለም ምርጫ ያነሷቸው ነጥቦች አሉ፤ በእነርሱ ላይ ክርክር የለኝም። ንጹሕ ልብስ መልበስም፣ ከኋላ ወንበር የሚነበብ ፊደል መምረጥም ተገቢ ነው።

ከ93 በመቶው ልጀምር፤ የሌላው ሁሉ መሠረት እርሱ ነውና። ይህ ቁጥር ምንጭ አለው። እ.ኤ.አ. በ1967 የሥነ ልቦና ተመራማሪው አልበርት መህራቢያን ከባልደረቦቹ ጋር ሁለት ሙከራዎችን አሳተመ። በአንዱ ሙከራ ተሳታፊዎች ነጠላ ቃላትን ብቻ ሰሙ። ደስ የሚል ትርጉም ያለው ቃል በቁጣ ድምፅ፣ የሚያስከፋው ደግሞ በፍቅር ድምፅ እየተነገረ፣ ተናጋሪው ምን እንደተሰማው ገመቱ። በሌላው ሙከራ «ምናልባት» የምትል አንዲት ቃል በተለያየ ቃና ከፊት ፎቶግራፎች ጋር ቀረበች። የቃል 7፣ የድምፅ ቃና 38 እና የፊት ገጽታ 55 በመቶ ድርሻ የወጣው የሁለቱን ውጤት በማጣመር ነው። የሙከራዎቹ ጥያቄ፣ የሰው ቃልና ፊት ስለ ስሜቱ የሚናገሩት ሲቃረን የቱን እናምናለን የሚል ነበር። መህራቢያን ራሱም ተናጋሪው ስለ ስሜቱ ወይም ስለ ውዴታውና ጥላቻው ካልተናገረ በስተቀር ስሌቱ እንደማይሠራ አሳስቧል። ስለ ክትባት ሽፋን፣ ስለ ብድር አመላለስ ወይም ስለ ድልድይ ጥገና የተደረገ ገለጻ በዚያ ጥናት ውስጥ የለም።

ጥናቱን ትተን በአመክንዮ ብቻ ብንመዝነውም አይቆምም። አንድ ቻይናዊ መሐንዲስ ስለ ባቡር ሐዲድ ጥገና በቋንቋው ገለጻ ሲሰጥ፣ ቻይንኛ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ቴክኒሻን ፊት ለፊት ተቀምጦ ቢከታተል፣ በጸሐፊው ስሌት 93 በመቶውን ተረድቶ መውጣት ነበረበት። በማግስቱ ያንን ሐዲድ ለዚህ ቴክኒሻን አምኖ የሚያስረክብ ግን አይገኝም። የድምፅና የአቋም ጥቅም ሌላ ነው፤ ድምፁ ከሦስተኛው ረድፍ የማያልፍ፣ ዓይኑን ከስላይዱ የማይነቅል አቅራቢ ጥሩ ይዘት ይዞም ታዳሚውን ሊያጣ ይችላል። እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ። ይሁን እንጂ ድምፅ ይዘትን ያደርሳል እንጂ ይዘትን አይተካም። በመስተዋት ፊት የእጅ እንቅስቃሴ ሲለማመድ ያመሸ ሰው፣ ያንን ምሽት የሠንጠረዡን ድምር ለማረጋገጥ ቢያውለው ይሻለው ነበር።

በዚሁ ክፍል ከመድረክ በፊት ለሁለት ደቂቃ እጅን ወገብ ላይ አድርጎ ደረትን ነፍቶ መቆም የድፍረት ሆርሞን እንደሚጨምር ተጽፏል። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ አንድ ጥናት እንዲህ ብሎ ነበር። በ2015 በ200 ሰዎች ላይ የተደረገው ሰፋ ያለ ሙከራ ግን የሆርሞን ለውጡን አላገኘውም፤ ከመጀመሪያው ጥናት ደራሲዎች አንዷ ዳና ካርኒም በ2016 ውጤቱን ከእንግዲህ እንደማታምንበት በይፋ ጽፋለች። መቆሙ ደስ የሚለው ሰው ይቁም፤ ግን ዝግጅት አድርጎ አይቁጠረው።

ሁለተኛው ነጥብ፣ መጻፍና መለማመድ ያደርቃል የሚለው፣ ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ ነው። ጸሐፊው ማርቲን ሉተር ኪንግን በምሳሌነት ጠቅሰዋል። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 28 ቀን 1963 በዋሽንግተን ኪንግ የተጻፈውን ትቶ ስለ ሕልሙ መናገር የጀመረው፣ ዘማሪዋ ማሃሊያ ጃክሰን ስለ ሕልሙ እንዲነግራቸው ከጎን ከጮኸችለት በኋላ ነው ተብሎ ይነገራል፤ እውነት ነው። ያልተነገረው ቀሪው ግማሽ ነው። ያንን የሕልም ክፍል ከሁለት ወር በፊት ዲትሮይት ላይ፣ ከዚያም ቀደም ብሎ በሌሎች መድረኮች ተናግሮታል። ደግሞም ሰባኪ ነው፤ ዕድሜውን በየሳምንቱ ሲናገር የኖረ ሰው። በዚያች ቅጽበት ከአፉ የወጣው ብዙ ጊዜ ተነግሮ የተፈተነ ነገር ነበር። የአፕል ኩባንያ መሪ የነበረው ስቲቭ ጆብስም ለዚሁ ምሳሌ ሆኖ ቀርቧል። አይፎን እ.ኤ.አ. በጥር 2007 ይፋ ሲደረግ መሣሪያው ገና ያልበሰለ፣ ነገሮች በተወሰነ ቅደም ተከተል ካልተነኩ በቀር የሚቆም ነበር። ጆብስና መሐንዲሶቹ ለቀናት እየተለማመዱ የማይቆምበትን ቅደም ተከተል ለይተው ያዙ። ታዳሚው ያየው ቅለት የዚያ ልፋት ፍሬ ነው።

ስለ ወረቀት ደግሞ የራሳችን ታሪክ አለ። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጄኔቫ የመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ፊት ሲቆሙ የተዘጋጀ ጽሑፍ ይዘው ነበር። የጣሊያን ጋዜጠኞች ከሰገነቱ ላይ እያፏጩ አወኳቸው፤ ሁከተኞቹ ከአዳራሹ እስኪወጡ ድረስ ንጉሠ ነገሥቱ ቆመው ጠበቁ፤ ከዚያ የተዘጋጀውን አንብበው ጨረሱ። የመርዝ ጋዙ እንዴት እንደተረጨ፣ ማኅበሩ የገባው ቃል ምን እንደነበረ አንድ በአንድ አቀረቡ። ዓለም ያንን ንግግር እስከ ዛሬ የሚያስታውሰው ወረቀት ስላልያዙ አይደለም። እንዲያ ባለ ፉጨት መሃል ሐሳብ ሳይበታተን እንዲቀጥል ያደረገው አንዱ ነገር ጽሑፉ መዘጋጀቱ ይመስለኛል።

ጸሐፊው ትክክል የሆኑበት አንድ ነገር አለ፦ በቃል የሸመደደ ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር ሲጠፋበት መላው ይጠፋበታል። የዚህ መድኃኒቱ ግን ልምምድን መተው ሳይሆን ሌላ ዓይነት ልምምድ ማድረግ ነው። መክፈቻውን ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገርና መዝጊያውን በደንብ መያዝ፤ መሃሉን በነጥብ ብቻ ማወቅና በየጊዜው በተለያየ ቃል መናገር። ልምምዱም በሐሳብ ሳይሆን ቆሞ፣ ድምፅ አውጥቶ፣ ሰዓት ይዞ ይሁን። በልብ ሲያነቡት 10 ደቂቃ የመሰለው ገለጻ በአፍ ሲነገር እንደሚረዝም የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው።

በአገራችን ስብሰባ ላይ ደግሞ ይህ ከሌላው ቦታ ይልቅ ያስፈልጋል። ጠዋት 3፡00 ሰዓት የተባለው መርሐ ግብር 3፡40 ይጀመራል። የእንኳን ደህና መጣችሁ መልእክት፣ የመክፈቻ ንግግር፣ የክብር እንግዳው ንግግር እያለ ይቀጥልና፣ 30 ደቂቃ የተመደበለት ጽሑፍ አቅራቢ መድረኩ ሲደርሰው የሻይ ዕረፍቱ ተቃርቧል። ገና ሁለተኛውን ስላይድ ሳይጨርስ የመድረክ መሪው «5 ደቂቃ ቀርቶሃል» የሚል ብጣሽ ወረቀት በጠረጴዛው ላይ ገፋ ያደርግለታል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን፦ ስላይዶቹ እየተነበቡ ሳይሆን እየበረሩ ያልፋሉ፤ «ይህን እንኳ ትተነዋል፣ ይህንንም እንዲሁ» እየተባለ ዋናው ግኝት ያለበት ገጽ ለአፍታ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ የሚባለው ለዚህ ነው። ከልቡ ለመናገር የመጣ ሰው በዚህች ሰዓት የሚይዘው የሚጨብጠው የለም። የተዘጋጀው ግን ባለ 30 ደቂቃውን ገለጻ በ8 ደቂቃ እንዴት እንደሚያቀርበው ከቤቱ ወስኖ መጥቷል፤ ዋናውን ግኝት ከፊት አድርጎታል፤ የትኞቹን ሦስት ስላይዶች እንደሚያሳይ፣ የትኞቹን ለጥያቄ ጊዜ እንደሚያቆይ ያውቃል።

የ8 ሰከንዱ ነገር አጭር መልስ ይበቃዋል። ቁጥሩ የተሰራጨው እ.ኤ.አ. በ2015 የማይክሮሶፍት ካናዳ ቅርንጫፍ ባወጣው የማስታወቂያ ገበያ ሪፖርት ነው። ሪፖርቱ የወሰደው ከሌላ የስታቲስቲክስ ድረ ገጽ ነበር፤ ጋዜጠኞች ምንጩን ሲከታተሉ ከጀርባው ጥናት አላገኙም። የእኛ ሰው እግር ኳስ 90 ደቂቃ ሙሉ ያያል፣ የሬዲዮ ትረካ ጆሮውን አቅንቶ ያዳምጣል፣ ሽምግልና ላይ ከጠዋት እስከ ማታ ተቀምጦ የሁለቱንም ወገን ቃል ያስታውሳል። ጉዳዩ የራሱ ከሆነ ይሰማል። ትኩረት የሚጠፋው አቅራቢው ጉዳዩ ለታዳሚው ምን እንደሆነ ሳይነግረው ሲቀር ነው።

ከዚህ ጋር ተያይዞ ቁጥር ይቅር የተባለው ግን ሊታለፍ አይገባም። ነገር በምሳሌ ጠጅ በብርሌ እንደሚባለው ታሪክና ምሳሌ ሐሳብን እንደሚያስረዱ ማንም አይክድም። ነገር ግን የበጀት ኮሚቴ ፊት ቆሞ አንዲት እናት የገጠማትን ችግር ብቻ ተርኮ መቀመጥ ኮሚቴውን ያሳዝነዋል እንጂ አያስወስነውም፤ ስንት እናቶች፣ በየትኞቹ ወረዳዎች፣ በስንት ብር የሚለው የግድ ይመጣል። ስዊድናዊው ሐኪም ሐንስ ሮስሊንግ እ.ኤ.አ. በ2006 ቴድ በተባለው የንግግር መድረክ ያቀረበው ገለጻ ከዳር እስከ ዳር ስታቲስቲክስ ነበር፤ ሰው ግን በሳቅና በጭብጨባ ተከታተለው። ያደረገውን ልብ ብሎ ላየ ሰው ዘዴው ግልጽ ነው። ስዕሉ ከመንቀሳቀሱ በፊት በዚህ በኩል ያለው አንዲት ሴት የምትወልዳቸው ልጆች ቁጥር ነው፣ በዚህ በኩል ያለው አማካይ የዕድሜ ጣሪያ ነው፣ እያንዳንዱ ክብ አንድ አገር ነው፣ የክቡ ትልቀት የሕዝቡ ብዛት ነው ብሎ አስረዳ። ከዚያ እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ ዓመቱን እያስኬደ፣ በስክሪኑ አጠገብ ወዲያና ወዲህ እየተሯሯጠ እንደ እግር ኳስ ጨዋታ ተረከው። እኛ ዘንድ ብዙውን ጊዜ የሚጎድለው ያ የመጀመሪያው ማብራሪያ ነው፤ አቅራቢው ሠንጠረዡን ለሳምንታት ስላየው ታዳሚውም ያወቀው ይመስለዋል።

ወደ ስላይዱ ደንብ ስመጣ፣ የተጨናነቀ ስላይድ እንደማይጠቅም ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ። አቅራቢ የሚናገረውን ያንኑ ቃል በቃል ስክሪን ላይ ሲለጥፍ የሰው መማር እንደሚቀንስ የትምህርት ሥነ ልቦና ተመራማሪው ሪቻርድ ማየር ለዓመታት ባደረጋቸው ሙከራዎች አሳይቷል። 6 በ6 የሚለው ደንብ ግን ቃል ይቆጥራል እንጂ ትርጉም አይመዝንም። ኮሎምቢያ የተባለችውን የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር ነገር እንመልከት። እ.ኤ.አ. በጥር 2003 ስትተኮስ ከነዳጅ ማጠራቀሚያዋ የተላቀቀ የአረፋ ቁራጭ ግራ ክንፏን መታ። መንኮራኩሯ ገና ሕዋ ላይ ሳለች የቦይንግ መሐንዲሶች ጉዳቱን ገምግመው ለናሳ በስላይድ አቀረቡ። የአንዱ ስላይድ ርዕስ የሙከራውን መረጃ የሚያረጋጋ አስመስሎ የሚያቀርብ ነበር። በዚያው ገጽ ግርጌ ግን የተላቀቀው ቁራጭ 1,920 ኪዩቢክ ኢንች ሲገመት፣ ሙከራ የተደረገበት 3 ኪዩቢክ ኢንች ብቻ እንደሆነ ተጽፏል። ከ600 እጥፍ በላይ ልዩነት ማለት ነው። የካቲት 1 ቀን 2003 መንኮራኩሯ ስትመለስ ተበታተነች፤ ሰባቱም ጠፈርተኞች ሞቱ። አደጋውን ያመጣው ስላይድ አይደለም፤ መርማሪ ቦርዱ ግን አንድ ከፍተኛ ኃላፊ ያንን ገጽ አንብቦ የሕይወት አደጋ መኖሩን ላይረዳ እንደሚችል በሪፖርቱ አስፍሯል።

ገጹ በጽሑፍ የተጨናነቀ ስለነበር ጸሐፊው «ይኸው፣ ደንቤን ቢከተሉ ኖሮ» ሊሉ ይችላሉ። እስቲ ደንቡን እንከተልና ቃላቱን እንቀንስ፤ መጀመሪያ የሚቆረጠው ያ የመጨረሻው መስመር ነበር! የሚያድነው ዋናውን ነገር በርዕሱ ላይ በሙሉ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ነው፦ «ሙከራችን የተደረገው በዚህ መጠን ባለ ቁራጭ አይደለም።» «የጥናቱ ውጤት» የሚል ርዕስ ምንም አይነግረንም፤ «መድኃኒት የሚያልቀው በክረምት፣ መንገድ ሲዘጋ ነው» የሚል ርዕስ ግን ከሥሩ ያለውን ሠንጠረዥ እንዴት እንደምናየው ይነግረናል። ዝርዝር የሚያስፈልገው ጉዳይ ደግሞ በስላይድ ባይቀርብስ? አማዞን እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በከፍተኛ ኃላፊዎቹ ስብሰባ ፓወር ፖይንት ከልክሎ፣ ተሰብሳቢው ከውይይቱ በፊት በዝምታ የሚያነበው እስከ ስድስት ገጽ የሚደርስ ጽሑፍ እንዲቀርብ አድርጓል። ለሁሉም ቤት ይስማማል አልልም፤ ነገር ግን የሚነበበውን በወረቀት፣ የሚታየውን በስላይድ፣ የሚነገረውን በአፍ ለይቶ ማሰብ ለማንም ይጠቅማል።

አምስተኛው ነጥብ የእንግሊዝኛው ነው። ጸሐፊው የውጭ ለጋሾችና አጋሮች ባሉበት መድረክ እንግሊዝኛ እንደሚያስፈልግ ያነሱት ትክክል ነው። የከፍተኛ ትምህርታችን ቋንቋ እንግሊዝኛ በመሆኑ ብዙ የሙያ ቃላት ቀድመው በእንግሊዝኛ እንደሚመጡልን አውቃለሁ። ክርክሬ አዳራሹ ሙሉ አማርኛ ተናጋሪ ሆኖ ሳለ ለመከበር ተብሎ በእንግሊዝኛ ስለሚቀርበው ነው። እንዲህ ባለ ስብሰባ ላይ የጥያቄው ሰዓት ሲደርስ ጸጥታ ይሰፍናል፤ መድረክ መሪው «በአማርኛም መጠየቅ ይቻላል» ሲል እጆች ይወጣሉ። ከወረዳ የመጣው የጤና ባለሙያ ጉዳዩን ከአቅራቢው በላይ ያውቀው ይሆናል፤ እንግሊዝኛው ዝም አሰኝቶት ቆይቷል። እነዚያ ከወረዳ የመጡ ሰዎች ናቸው ምክረ ሐሳቡን ተመልሰው የሚፈጽሙት። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ፈረንሳይኛ አቀላጥፈው እየተናገሩ በጄኔቫ በአማርኛ መናገርን መረጡ፤ ለዓለም ያደረሰው ትርጉሙ ነበር። ክብራቸው በዚያ አልቀነሰም።

ጸሐፊው ያላነሱት፣ በአማርኛ ለሚያቀርብ ሰው ግን የግድ የሆነ ነገር ልጨምር። አንደኛው ፊደሉ ነው። ቢሮ ባለ ኮምፒውተር ላይ ከዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደላትን በአንድ ዓይነት ከሚያነቡበት ሥርዓት) ውጭ በሆነ የቆየ የግዕዝ ፊደል የተሠራ ስላይድ፣ የሆቴሉ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ርዕሱ በላቲን ፊደላትና በምልክቶች ይሞላል፤ አቅራቢው ወደ ስክሪኑ እያየ ላብ ሲያጠምቀው ታዳሚው አንገቱን ይደፋል። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ በዩኒኮድ ውስጥ አለ፤ እንደ ኒያላ ወይም አቢሲኒካ ባለ የዩኒኮድ ፊደል መሥራትና ፋይሉን በፒዲኤፍም አስቀምጦ በፍላሽ መያዝ ይህን ችግር ያስቀራል። ሌላው የዘመን አቆጣጠሩ ነው። የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል፤ በሰንጠረዡ ላይ «2016» ብሎ የጻፈ አቅራቢ ፊት አንድ የውጭ እንግዳ ከተቀመጠ፣ እንግዳው መረጃውን ከሰባት ዓመት በላይ የቆየ አድርጎ ይቆጥረዋል። «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» የምትል አንዲት ምልክት ትበቃ ነበር። መብራት ቢጠፋ ምን እንደሚያደርግም አቅራቢው አስቀድሞ ያስብ፤ ዋናው ሠንጠረዥ በአንድ ገጽ ታትሞ ከታደለ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ገለጻው አይቆምም።

የቀረው የጥያቄው ጊዜ ነው። እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር ፈጽሞ አልስማማም። የማያውቁትን በልበ ሙሉነት መመለስ ምክር ሳይሆን ሌላውን ማሳሳት ነው፤ መልሱን አምኖ ውሳኔ የሚወስን ሰው አለና። ደግሞም አያዋጣም። በመመረቂያ ጽሑፍ ግምገማ ላይ ፈታኙ «ናሙናውን ከሁለት ወረዳ ብቻ ለምን ወሰድሽ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ተማሪዋ በዚያው ቅጽበት ያመጣችው ምክንያት በሁለተኛው ጥያቄ ይፈርሳል፤ ከዚያ በኋላ ትክክል የሆነው ሥራዋ ሳይቀር በጥርጣሬ ይታያል። «ወደ ሦስተኛው ወረዳ የሚወስደው መንገድ በክረምቱ ተዘግቶብኝ ነበር፤ ስለዚህ ውጤቴ ለዚያ ወረዳም ይሠራል አልልም» ብትል ግን ፈታኙ ጥናቷን እንደምታውቀው ይረዳል። በየስብሰባው ደግሞ ጥያቄዎች በአንድ ዙር ተሰብስበው ስለሚቀርቡ፣ እስክሪብቶ ይዞ የጠያቂውን ስምና የጥያቄውን ዋና ቃል የማይጽፍ አቅራቢ ከአምስቱ ሦስቱን ሳይመልስ ይወርዳል። ሊጠየቁ የሚችሉትን አስቀድሞ ለባልደረባ አቅርቦ «በየት በኩል ትነቅፈኛለህ?» ማለት፣ ለከባዶቹም ከመጨረሻው ገጽ ኋላ ተጨማሪ ስላይድ ማዘጋጀት የዝግጅቱ አካል ነው። ሰዓት ሲጠብ የሚቆረጠውም የገለጻው ክፍል ይሁን እንጂ የጥያቄው አይሁን፤ አቅራቢው ያልገባውን የሚማርበት፣ ታዳሚውም ያላመነበትን የሚያነሳበት ጊዜ ያ ብቻ ነው።

ጸሐፊው ብዙ አንባቢ አላቸው፤ ጽሑፋቸውን አሻሽለው ቢያወጡት ደስ ይለኛል፣ እኔም አጋራዋለሁ። ሁሉንም ባይቀበሉኝ እንኳ 93 በመቶውንና ይህን የመጨረሻውን ምክር እንዲሰርዙት እለምናለሁ፤ ሰኔ ላይ ጥናታቸውን ፈታኞች ፊት የሚያቀርቡ ተማሪዎች አሁን እያነበቡት ነው።